ቤቱ እንዴት ዋለ

ድካም ከእግር ይጀምራል የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። ድካም የሚጀምረው ፊት ላይ ነው። ሌንሳ ግን ይህን አታውቅም ነበር። የሰውን ስሜት አጥንታ ዶክተር ልትባል የተነሣች ሴት ናት እንግዲህ።

ሰንጋ ተራ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ወይንሀረግ ጋር ትኖራለች። ሊፍቱ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ያርፋል። ጠዋት የእናቷን የስኳር መርፌ ወግታ፣ ቁርስ አብልታቸው፣ ምሳቸውን ከድና ትወጣና ልደታ አካባቢ ባለ የግል ኮሌጅ ስታስተምር ትውላለች። ከዚያ ጥናቷ አለ። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ አለ። ከዚያ ደረጃው አለ። ማታ ደግሞ መርፌው ይደገማል፣ የእናቷ ጉልበት በቅባት ይታሻል፣ እራት ይሠራል፣ የተማሪ ፈተና ይታረማል። አባቷ ካረፉ ወዲህ ኑሮዋ ይኸው ነው። «እንዴት ነሽ?» ያላት ሰው ሁሉ ግን የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። «ደህና።»

ጥናቷ በሽተኛ ወይም አረጋዊ የሚያስታምሙ ሰዎችን ስሜት የሚመለከት ነው። ሲነገር ቀላል ነው። ሰውየው ስልኩ ላይ አፕ ይጫንለታል። አፑ በቀን ውስጥ እየደጋገመ ይጮህና «አሁን ስሜትዎ እንዴት ነው?» ይላል፤ ሰውየው ከዜሮ እስከ መቶ በተሰመረው ላይ ጣቱን አንሸራትቶ ይሞላል። «አሁን ከማን ጋር ነዎት?» የሚልም አለው። ይህ ሁሉ ቁጥር ተራ በተራ ሲደረደር አቀበትና ቁልቁለት ያለው መስመር ይወጣዋል። የስታቲስቲክስ ሞዴሉ ያንን መስመር ይዞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የአሁኑ ስሜት ከቀደመው ምን ያህሉን ወረሰ? አንዳንዱ ሰው ጠዋት ይከፋውና ምሳ ሰዓት ላይ ረስቶታል። አንዳንዱ ጠዋት የከፋው ማታም ከፍቶት ያድራል፣ በማግስቱም ከዚያው ይቀጥላል። ሞዴሉ ይህን ሰው ከዚያ ሰው ጋር አደባልቆ አማካይ አያወጣም፤ አንዱን ሰው ከትናንት ራሱ ጋር ብቻ ነው የሚያስተያየው። ሌንሳን ከጥንቱም የማረካት ይኸው ነው።

ዋናው ጥናት ከመጀመሩ በፊት አፑን የሚሞክር ሰው ተፈለገ። አማካሪዋ ዶክተር ኤልያቄም «አማርኛው ለትልልቅ ሰዎች ይገባ እንደሆነ እናትሽ ላይ ሞክሪው፤ አንቺም ሙዪ» አሏት።

የመጀመሪያው ሳምንት የእናቷ መስመር እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ሆኖ መጣ። መቶ፣ መቶ፣ መቶ። ጉልበታቸው አብጦ ከአልጋ መውረድ ባቃታቸው ቀን እንኳ መቶ።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ምኑ?»

«ያን ቀን ስታቃስቺ አልነበር? እንዴት መቶ ትሞያለሽ?»

«ታዲያ በእግዚአብሔር ላይ ላማርር? ያሳደረኝን ጌታ፣ አጎደልክብኝ ልበለው?»

«ይሄ እኮ ለእግዚአብሔር አይደለም የሚደርሰው። ለኮምፒዩተር ነው።»

«ኮምፒዩተሩስ ቢሆን የእኔ ሕመም ምን ይረባዋል?»

ሌንሳ ሳቋ መጣ፤ ለመሳቅ ግን ደከማት። «እባክሽ እማዬ፣ እውነቱን ሙዪልኝ» አለች።

ወይዘሮ ወይንሀረግ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡ። «እሺ» አሉ። «እውነቱን ከሆነ እሞላለሁ።»

ከዚያ ወዲያ መስመሩ ነፍስ ዘራ። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ሌንሳ ደስ አላት።

የራሷስ? አይ የራሷ። ስልኳ በጮኸ ቁጥር እሷ ወይ ክፍል ውስጥ ናት፣ ወይ ታክሲ ውስጥ፣ ወይ ድስት ላይ። ስድሳ ብላ ትሞላለች። ስድሳ ጥሩ ቁጥር ነው፤ አያስጠይቅም፣ አያስመሰግንም። ጠዋት ስድሳ፣ ማታ ስድሳ፣ ከአለቃዋ ተጨቃጭቃ በወጣችበት ቀን ስድሳ። እናቷን ለምን መቶ አልሽ ብላ የተቆጣች ልጅ፣ የእሷን ስድሳ የሚቆጣጠር አልነበረባትም።

እዚህ ላይ ታላቅ ወንድሟ ቤካ ይመጣል። ቤካ አዳማ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል። ደረጃ የሌለው ቤት፣ ፀሐይ የሚገባበት ግቢ አለው፤ ሚስቱ ኪያ ደግሞ ነርስ ናት። «እማዬን ልውሰዳት» ማለት ከጀመረ ቆየ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ሌንሳም በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው አፈሰሰችው ማለት አይቻልም። አንዳንድ ቀን ደረጃው መሃል ቆማ ስታለከልክ፣ እናቷ አዳማ ቢሆኑ ኖሮ ቀጥ ብላ ገብታ መተኛት እንደምትችል ታስባለች። ወዲያው ደግሞ ታፍራለች። ሰው በእናቱ እንዲህ ያስባል? ያስባል እንጂ። የደከመ ሰው ምን የማያስበው አለ።

ወይዘሮ ወይንሀረግ ሲጠየቁ መልሳቸው የታወቀ ነው። ቤካ ቢጠይቅ «እናንተ እንደወደዳችሁ»፣ ሌንሳ ብትጠይቅ «እናንተ እንደወደዳችሁ»። ዝም አይነቅዝም ብለው የኖሩ ሴት ናቸው፤ የሆዳቸውን ሆዳቸው ይዞት ይኖራል። ሌንሳም ተስፋዋን ሞዴሉ ላይ ጣለች። አፋቸው ያልተናገረውን ጣታቸው ይናገር ይሆናል አለች። እናቴ ከእኔ ጋር ደህና ናት ወይስ አይደለችም? ይህን ካወቀች ለቤካ የምትለውን ታውቃለች።

መልሱ የመጣው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። ዶክተር ኤልያቄም የልደታን ፍርድ ቤት በሚያይ ሕንፃ ላይ ጠባብ ቢሮ አላቸው፤ በመስኮቱ ሲመለከቱ ባለጉዳዩ ፋይሉን ደረቱ ላይ አጣብቆ ይራወጣል። ሌንሳ ላፕቶፗን ከፍታ የእናቷን መስመር አሳየቻቸው። ቀን ቀን ብቻቸውን ሲሆኑ ከፍ ብሎ ይቆያል። ማታ «ከቤተሰብ ጋር» የሚለው ሲመጣ ይወድቃል። ወድቆም ቶሎ አይነሳም፤ በማግስቱ ሌንሳ ከቤት እስክትወጣ እንደተጎተተ ያድራል። አንዳንድ ማታ ጥቂት ዝቅ ይላል፣ አንዳንድ ማታ እታች ይከሰከሳል። ሳምንት በሳምንት ሲታይ ደግሞ ማታ ማታ ያለው እየባሰበት ነው የመጣው። በዚያ ቤት ቤተሰብ የሚባል ሌላ ማን አለ? እሷው ናት።

«እኔ ስገባ ነው የሚከፋት» አለች ሌንሳ።

ዶክተሩ መስመሩን ረጅም ጊዜ አዩት። «ሞዴሉ ምን ከምን ቀጥሎ እንደመጣ ነው የነገረሽ» አሉ። «ለምን እንደመጣ አልነገረሽም። ዶሮ ስለጮኸ አይደለም የሚነጋው።»

«ግልጽ እኮ ነው ዶክተር።»

«ግልጽ ነገር ያስፈራኛል። የአንቺንም መስመር አብረሽ አስገቢው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናይ ማን ማንን እንደሚከተል ይታወቃል።»

ሌንሳ የራሷን መስመር አሰበችው። ስድሳ፣ ስድሳ፣ ስድሳ። አስተማሪ ሆና ስትኮርጅ የተያዘች መሰላት። «የእኔው በደንብ አልተሞላም» አለች በመጨረሻ።

«አስታማሚ እያጠናሽ አስታማሚዋ የለችበትም?» አሉ ዶክተሩ፤ ለቀልድ ነበር። ከዚያ ፊቷን አዩና ወሬውን ወደ ሌላ መለሱት።

ከዚያ ቢሮ ወጥታ ታክሲ አልያዘችም። በእግሯ ወደ ልደታ ማርያም ወረደች፤ ጧፍና ሻማ የሚሸጡትን ሴቶች አልፋ ከቅጥሩ ሥር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ዘጭ አለች። ተናዳ ነበር። ለማን ብላ ነው ወገቧ የተቆረጠው? የዕድሜ እኩዮቿ አግብተው ሲወልዱ፣ ውጭ አገር ሲማሩ፣ እሷ መርፌና ቅባት ስታመላልስ የኖረችው ለማን ነው? ትርፉ ይህ ከሆነ፣ እናቷ በሩ ሲንኳኳ ልባቸው የሚወርድ ከሆነ፣ ምን ቀራት? ነጠላ የለበሱ አንዲት ሴትዮ ስታለቅስ አይተው «አይዞሽ፣ እሷ ታውቃለች» ብለዋት አለፉ። የልደታ ደጅ ላይ የሚያለቅስ ሰው ማንንም አያስደንቅም።

እዚያው ተቀምጣ ለቤካ ደወለች። «ውሰዳት» አለችው።

«ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?»

«አልተጣላንም። እኔ ጋ ደስ አይላትም።»

«አለችሽ?»

«እሷ ምን ትላለች። ግን አውቃለሁ፤ በቁጥር አይቼዋለሁ።»

ስልኩን ስትዘጋ ደረቷ ቀለል አላት። ይበልጥ ያስለቀሳት እሱ ነው።

ማታ ለእናቷ ስትነግራቸው ሻሻቸውን እያሰሩ ሰሟት። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። «መቼ ነው?» አሉ።

«ለግንቦት ልደታ ይመጣል።»

«ንፍሮውን ሳልቀምስ እንዳይወስደኝ እንጂ፣ ደግ ነው። አንቺም ታርፊያለሽ» አሉና ጉልበታቸውን ይዘው ወደ መኝታቸው ገቡ። ሌንሳ ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ሰምታ አለፈቻት።

ግንቦት ልደታ መቼም ለዚያ አካባቢ ሰው የሰፈር በዓል ነው። ወይዘሮ ወይንሀረግ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በነበረ የቀበሌ ቤት ነው። ሰፈሩ ፈርሶ ወደ ሰንጋ ተራ ሲመጡ ትልቁን ድስት ይዘው መጡ፤ የኮንዶሚኒየሙ ሴቶችም በየዓመቱ ግንቦት አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ዳር ጉልቻ ጎልተው ስንዴና ሽምብራ ይቀቅሉበታል። ንፍሮው ደጅ ተቀቅሎ ደጅ ነው የሚበላ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ሙፊዳ ሙስሊም ናት፣ ሽምብራውን የምታመጣው ግን ሁልጊዜ እሷ ናት። ያን ቀንም እሳቱን እያራገበች «እትዬ ወይንሀረግ ሳይወርዱ ድስቱ አይወጣም» እያለች ነበር።

ቤካ በሰው ፒካፕ መጣ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል። ፍራሹን ጠቅልሎ ተሸከመና እያጉረመረመ በደረጃው ቁልቁል ወረደ። ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ቀሩ። ወይዘሮ ወይንሀረግ ፍራሽ የሌለው አልጋ ጠርዝ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሌንሳ መድኃኒቱን በበረዶ ጠቅልላ ዘምቢል ውስጥ እያስገባች ነው።

የእናቷ ስልክ ጮኸ።

ሙከራው ካበቃ ሰንብቷል፤ አፑን ከሁለቱም ስልክ ላይ ያጠፋው ሰው ግን አልነበረም። ወይዘሮ ወይንሀረግ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከዚያ ቀና አሉና የልጃቸውን ፊት አዩ። የሕፃን ትኩሳት እንደሚያይ ሰው ነበር ያዩዋት፤ ቀስ ብለው፣ ዓይኗን፣ ግንባሯን፣ የከንፈሯን ዳር። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሰው ጣታቸውን አንሸራተቱ።

«ምን ሆነሻል?» አለች ሌንሳ። «ምን ታዪኛለሽ?»

«ልሞላ ነዋ።»

«እሱ እኮ የአንቺን ስሜት ነው የሚጠይቅሽ።»

«አዎ፣ እሱኑ ነው የሞላሁት።»

«የእኔን ፊት አይተሽ?»

እናቷ ግር አላቸው። «ታዲያ ምን አይቼ ልሙላ? እውነቱን ሙዪ አላልሽኝም? ሰው ደህንነት ሲጠይቅ የቤቱን ነው የሚጠይቀው። ቀን ብቻዬን ስሆን ቤቱ ሰላም ነው፤ ተመስገን ብዬ ከፍ አደርገዋለሁ። አንቺ ስትገቢ ግን ቤቱ አንቺ ነሽ። አንቺ ከፍቶሽ እየገባሽ ቤቱ ደህና ዋለ ብዬ ልዋሽ? የእኔማ ያው ነው። የእኔ ምን ይጠየቃል።»

ሌንሳ ዘምቢሉን መሬት አስቀመጠች። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር የምትሞይው?»

«ከተቆጣሽኝ ወዲህ ሁልጊዜ። ዶክተሩ ጽሑፍሽን የመለሰብሽ ቀን አስር ነበርሽ። ዝናብ ደብድቦሽ መጥተሽ ጫማሽን ሳታወልቂ ሶፋው ላይ የወደቅሽ ዕለት ከዚያም ወረድሽ፤ ከመስመሩ ልታልቂ ነበር። ተማሪዎችሽ የተመረቁ ቀን ደግሞ ሰማንያ ነበርሽ። አበባ ይዘሽ የገባሽ ቀን።»

አስታወሰች። አንድ በአንድ አስታወሰች። ላፕቶፑ ውስጥ ማታ ማታ የሚከሰከሰው መስመር የእናቷ መከፋት አልነበረም፤ የራሷ ነበር። ስድሳ ስድሳ እያለች የከረመችው ሴት፣ እውነተኛ ቁጥሯን እናቷ ሲሞሉላት ኖረዋል። ያንኑ ይዛ ደግሞ እናቷን ከቤት ልታስወጣ ነው።

«ታዲያ ቤካን ለምን እሺ አልሽው?»

«አንቺ እንድታርፊ ነዋ» አሉ እናቷ። «እየዋለ እያደረ ወደ ታች ነበር የምትሄጂው። እኔ ከትከሻሽ ስወርድ ቀና ትያለሽ ብዬ ነው።»

ሌንሳ ከእግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቷን የሚታመመው ጉልበታቸው ላይ ልታስጠጋ ብላ ታወሳትና ደህነኛው ላይ አደረገችው። «ደክሞኛል እማዬ» አለች። ይህን ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አውቃለሁ።»

«በጣም ነው የደከመኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ሞልቼዋለሁ እኮ።»

ከታች የሴቶቹ እልልታ ተሰማ፤ ድስቱ ሊወጣ ነው። ሌንሳ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና ስልኩን ከአልጋው ላይ አንሥታ አፑን እንደገና ከፈተችው። «አንዴ ብቻ» አለች፣ «የራስሽን ሙዪልኝ። ቤቱን ተዪው። እኔንም አትዪኝ። አንቺ አሁን እንዴት ነሽ?»

«ተዪ እንግዲህ።»

«እማዬ።»

ወይዘሮ ወይንሀረግ ስልኩን ተቀበሉ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ለራሳቸው ማሰብ እንዳልለመደ ሰው፣ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጣታቸው መስመሩ ላይ አረፈና ወደ ግራ ሄደ። ቆመ። ደግሞ ሄደ። ጫፍ ሲደርስ ስልኩን በነጠላቸው ሸፈኑት።

ሌንሳ እጃቸውን ቀስ ብላ ፈልቅቃ አየችው። ዜሮ ነው።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» አሉ እናቷ። «አልሄድም ለማለት አፍሬ ነው።»

ሌንሳ ተነሥታ ወደ ደረጃው ወጣችና በብረቱ ላይ ዘንበል አለች። ቤካ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ፍራሹን ግድግዳ አስደግፎ ያርፋል።

«ቤካ፣ መልሰው።»

«ምኑን?»

«ፍራሹን። እማዬ አትሄድም።»

«በቁጥር አይቼዋለሁ አላልሽኝም እንዴ?»

«ያየሁት የራሴን ነው። እሷን ዛሬ ነው የጠየቅኋት።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ ወንድሟን እንዲህ ለምናው አታውቅም። «እኔ ግን ብቻዬን አልችልም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተና ኪያ ትመጣላችሁ፤ መርፌውንም ትማራለህ። ያን ቀን እኔ እተኛለሁ።»

ቤካ ሽቅብ አያት፣ ፍራሹን አየ፣ የቀረውን ደረጃ አየ። «እሺ» አለ። ምን ይበል? ፍራሽ ተሸክሞ ክርክር አይመችም።

እናታቸውን ሁለቱ ደግፈው ሲያወርዷቸው ድስቱ ወጥቶ ነበር። ሙፊዳ የመጀመሪያውን ጭልፋ ለእትዬ ወይንሀረግ ሰጠች። ሌንሳ ከጎናቸው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ነገም ማስተማር አለ፣ ማታም መርፌው አለ፣ ያ መስመርም እንደ አዲስ መሠራት አለበት፣ ለዶክተሩም ስድሳውን መናዘዝ አለ። ምኑም አልቀነሰም። እግሮቿን ዘርግታ ዓይኗን ልትከድን ስትል ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ።

አወጣችና አየችው። ጣቷ በልማድ ወደ ስድሳው ሄዶ ነበር፤ መለሰችው።

«ስንት አልሽ?» አሉ እናቷ ንፍሮውን እያኘኩ።

«ሃያ።»

ወይዘሮ ወይንሀረግ ዞር ብለው ፊቷን አዩት። «ልክ ነሽ» አሉ። «እኔም ሃያ ነበር የምለው።» ከዚያ ከራሳቸው ሳህን አንድ እፍኝ ሽምብራ ዘግነው መዳፏ ላይ አኖሩላት።